የልጅ ቀለብ፣ ገቢና ወጪ፦ ቅጹ ላይ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

«የቤተሰቡ የወር ገቢ ስንት ነው?» ይላል ቅጹ። ከይፋግ ተነሥተው አዲስ ዘመን ላለው የወረዳ ፍርድ ቤት የቀለብ አቤቱታ ቢያስገቡም፣ ቀበሌ ለሴፍትኔት ቢመዘገቡም፣ ለጤና መድን ቢሰለፉም ጥያቄው ያው ነው። ብዙ እናት አፏ ላይ የመጣላትን ቁጥር ትናገራለች፤ ጸሐፊው ይሞላል፤ እሷ ትፈርማለች። በችኮላ የተባለው ቁጥር ግን ልጁን ለዓመታት ይከተለዋል።

ቀለብ የሚቆረጠው ሁለት ነገር ተመዝኖ ነው፤ ልጁ የሚያስፈልገውና ከፋዩ ያለው አቅም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992ም ሆነ ይፋግ ላይ የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መነሻቸው ይኸው ነው። ዳኛው ግን ሁለቱንም የሚያውቀው ሲያስረዱት ነው። ከፋዩ ገቢውን ሙሉ በሙሉ ዘርዝሮ ይናገራል ብለው አይጠብቁ። ሽማግሌውም፣ ራፖር ጸሐፊውም፣ የቀበሌው መዝጋቢም ያልጠየቁትን አይነግሩዎትም። ስለዚህ ከቤት ሳይወጡ የሚከተሉትን ይፈትሹ።

መጀመሪያ የልጁ ወረቀት

• የልደት ምስክር ወረቀት በእጅዎ አለ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጊዜው ቢያልፍም ልጁ ይመዘገባል፤ «አልፎብሻል» ቢሉዎት ተመልሰው አይሂዱ። የአባቱ ስም እስከ አያቱ ድረስ መታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፉን ያረጋግጡ። ስሙ ከተለየ የመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ ክፍል «ይህ ሰው እኛ ጋ የለም» ብሎ ትእዛዙን ሊመልሰው ይችላል።

• ሳይጋቡ ነው የወለዱት? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሆኖም አባትየው «የእኔ አይደለም» ካለ፣ ከቀለቡ በፊት የአባትነቱ ጉዳይ ይጣራል። ልጁን እንደ ልጁ ይዞት እንደነበር የሚያሳይ ነገር ሁሉ ይሰብስቡ፦ የክርስትና ፎቶ፣ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ፣ በስልክ የጻፈው መልእክት፣ ጎረቤት። ስልክዎን ከመለወጥዎ በፊት መልእክቶቹን ያስቀምጡ።

የልጁ ወጪ፤ በወር ሳይሆን በዓመት

• «በወር ስንት ይበቃዋል?» ሲባሉ ወዲያው አይመልሱ። ምግብ ብቻ ካሰቡ ተሸንፈዋል። ሕጉ ቀለብ የሚለው ምግብን፣ መጠለያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና ትምህርትን ነው። በመስከረም ደብተርና የደንብ ልብስ አለ፤ በገናና በፋሲካ ልብስና ጫማ፤ በክረምት ወባና ጉንፋን። ፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት ወባው ምን እንደሚመስል ያውቁታል። እነዚህ በየወሩ ስለማይመጡ ይረሳሉ። የዓመቱን ደምረው ለ12 ያካፍሉ፤ ለምሳሌ የትምህርቱና የልብሱ ወጪ በዓመት 9,600 ብር ከሆነ፣ በየወሩ 800 ብር ይጨምራል ማለት ነው። ጳጉሜንንም አይርሱ፤ ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፣ ልጅ ግን በጳጉሜንም ይበላል።

• ከማሳዎ የሚበላውን ቆጥረዋል? «እህል አንገዛም፣ ሩዙ የራሳችን ነው» ካሉ ወጪዎ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ይህ ስሕተት ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ (አሁን የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይባላል) በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ባካሄዳቸው የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናቶች፣ ቤተሰቡ ከራሱ ምርት የበላው በገንዘብ ተተምኖ ፍጆታው ውስጥ ይገባል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ልጁ በዓመት የሚበላው ሩዝና ጤፍ ገበያ ቢወጣ ስንት ያወጣ ነበር? ያ ወጪ ነው፤ እየከፈሉት ያሉትም እርስዎ ነዎት።

• የጋራ ወጪዎችን አካፍለዋል? የቤት ኪራይ፣ ማገዶና ከሰል፣ መብራት፣ ውኃ፣ ሳሙና። አራት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ ሩቡ የልጁ ነው። ይህን አካፍሎ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ከድምሩ የሚጎድለው ግን ብዙ ነው።

• ልጁ አያቱ ዘንድ ነው? እናቱ ቤይሩት ወይም ጂዳ፣ አባቱ የት እንዳለ በማይታወቅበት ቤት፣ አያት ገንዘብ የምትጠይቀው «እስቲ አስቡኝ» በማለት ነው። አያት ሆይ፣ ወጪውን እርስዎም ይጻፉ። ልጁ እርስዎ ዘንድ መኖሩን ቀበሌው በደብዳቤ እንዲያረጋግጥልዎ ይጠይቁ፤ ያለዚያ ገንዘቡ በሌላ ዘመድ ስም ሊሄድ ይችላል።

• አጋንነው አይጻፉ። የግል ትምህርት ቤት ሳይማር «ይማራል» ማለት አንድ ቀን በመስቀለኛ ጥያቄ ይገለጣል፤ ያን ዕለት እውነተኛው ወጪም ይጠረጠራል። ደረሰኝ ያለውን በደረሰኝ፣ የሌለውን በምስክር ያስረዱ።

የከፋዩ ገቢ፤ የተነገረዎትና ያልተነገረዎት

• ደመወዝተኛ ከሆነ፣ የተነገረዎት ቁጥር ተቆራጩ ከመነሣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የገቢ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ በሕግ የሚቆረጡ ናቸው፤ የሚያከራክሩ አይደሉም። እቁብ፣ የቁጠባ ማኅበርና የሞተር ሳይክል ብድር ግን ራሱ የመረጣቸው ናቸው። «እጄ ላይ የሚደርሰው ይህ ብቻ ነው» ሲል ከየትኞቹ በኋላ እንደሆነ ይጠይቁ። ፍርድ ቤቱ ከመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር የደመወዝ መረጃ እንዲያስመጣልዎ ያመልክቱ፤ መነሻ ደመወዙን ብቻ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ አይቀበሉ። አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና ጉርሻ የሚታዩት በዝርዝሩ ነው።

• የሲሶውን ጣሪያ ያውቁታል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ የወር ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው በድምሩ ከሲሶው እንዳይበልጥ ያዛል። ከመክሰስዎ በፊት ብድር ገብቶ ቦታውን አጣብቦት እንደሆነ ያጣሩ። ከሆነም ለፍርድ ቤቱ በግልጽ ይንገሩ፤ ከሌላ ንብረቱ የሚከፈልበትን መንገድ ይጠይቁ።

• ገበሬ ከሆነስ? እዚህ ላይ ይቆዩ፤ በእኛ አካባቢ ብዙ ልጅ የሚጎዳው በዚህ ነው። «ገበሬ ነኝ፣ የወር ገቢ የለኝም» የሚለው መልስ እውነት ይመስላል፤ ጥያቄው ግን የዓመት ገቢ ነው። ከይፋግ እስከ ወረታ ያለ ማሳ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አይታጨድም። በክረምት ሩዝ፣ ሩዙ ሲነሣ በቀረው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ፣ ርብ ወንዝ አጠገብ ደግሞ በሞተር የሚጠጣ ሽንኩርት አለ። አቤቱታ ላይ የሚጠቀሰው ሩዙ ብቻ ነው። ሽንኩርቱን ማን አነሣው? ባሕር ዛፉን ማን ገዛው? በሬ ተሽጧል? ሁሉንም በየተራ ይጠይቁ።

• መሬቱን ራሱ ያርሰዋል ወይስ አከራይቶታል? አንድ ሰው መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ 20 ኩንታል ቢገኝ ድርሻው 10 ነው፤ እሱ ግን «አላርስም» ብሎ ምንም እንደሌለው ይናገር ይሆናል። የይዞታ ደብተሩን ይመልከቱ፤ የኪራይ ውል ካለ የወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝግቦት እንደሆነ ይጠይቁ። በወንድም ወይም በአጎት ስም የሚታረስ መሬት ካለ፣ አዋሳኙ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃልና እሱን በምስክርነት ይጥሩ።

• ወጪውንም በልክ ይቀበሉ። ማዳበሪያ፣ ዘር፣ የሞተር ነዳጅ፣ የአጫጅ ቀን ክፍያ እውነተኛ ወጪዎች ናቸው። ግን ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠሩ፤ ማዳበሪያውን በብድር ወስዶ «የማዳበሪያ ወጪ» እና «የብድር ዕዳ» ብሎ ሁለት ቦታ ከጻፈ፣ አንዱ መሰረዝ አለበት።

• ነጋዴ ወይም ባለባጃጅ ከሆነ፣ ለግብር ያስመዘገበው ገቢ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ኑሮው ምን ይመስላል? ቤቱ በቆርቆሮ ተሠራ? ሌላ ባጃጅ በሾፌር ያሠራል? ጣና ላይ ጀልባ ወይም የዓሣ መረብ ያለው ሰው ገቢው በወረቀት አይታይም፤ ዓሣውን የሚረከበው ነጋዴ ግን ያውቃል።

• መተማ ወይም ሑመራ ይወርዳል? ለአረም በክረምት፣ ለሰሊጥ አጨዳ በመስከረምና በጥቅምት የሚሄድ ሰው ገንዘብ የሚይዘው ሲመለስ ነው። በየወሩ እንዲከፍል ከተወሰነበት በአራተኛው ወር ያቋርጣል፤ እርስዎም ለአፈጻጸም አዲስ ዘመን ይመላለሳሉ። ለእንዲህ ያለው ሰው፣ ለገበሬውም ጭምር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ጠቅለል አድርጎ የሚከፍልበትን ቀን ማስቆረጥ ይሻላል፤ አንዱ ሩዝ ሲወቃ፣ ሌላው ሽንኩርት ሲሸጥ።

የራስዎ ገቢ

• ሽያጭዎን ገቢ ብለው እየጻፉ ነው? ጠላ ወይም አረቂ የሚሸጡ እናቶች በዚህ ራሳቸውን ይጎዳሉ። በወር የ3,000 ብር ጠላ ሸጠው፣ ለጌሾ፣ ለብቅልና ለማገዶ 1,900 ብር ካወጡ ገቢዎ 1,100 ብር ነው። ቅጹ ላይ 3,000 ካሉ፣ ከፋዩ «ከእኔ ትሻላለች» ይላል፤ ሴፍትኔቱም ያልፍዎታል።

• ገቢዎን ግን አይደብቁ። ልጅ የማሳደግ ግዴታ የሁለት ወላጅ ነው፤ የእርስዎም አቅም ይታያል። የቅጹ ግርጌ «የሰጠሁት መረጃ እውነት ነው» ካለ፣ የፈረሙበት ቃል በእርስዎ ላይ ማስረጃ ይሆናል። ማንበብ ካልቻሉ፣ ከመፈረምዎ ወይም ከማተምዎ በፊት ከሚያምኑት ሰው ጋር ሆነው ያስነብቡት።

ሽማግሌ ፊት ከመቀመጥዎ በፊት

• ስምምነቱ ማን ዘንድ ይጸድቃል? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በአሁኑ የቤተሰብ ሕግ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያስማማል፤ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ዛፍ ሥር የተጻፈ ወረቀት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው፣ ሰውየው ሲያቆም የሚያስገድዱበት ጉልበት የለዎትም። ሽማግሌዎቻችን የሚከበሩ ናቸው፤ ያስማሙትን ፍርድ ቤት ወስዶ ማስጸደቅ እነሱን መናቅ አይደለም።

• «በሬውን ልስጥሽ፣ ቀለቡን ተይው» ተብለዋል? ቀለቡ የልጁ መብት ነው፤ በእርስዎ በሬ ወይም ቤት የሚለወጥ አይደለም። የንብረት ክፍፍሉና የልጁ ቀለብ በአንድ አንቀጽ ተጠቅልለው ከተጻፉ፣ ለይተው እንዲጽፉት ይጠይቁ። እምቢ ካሉ አይፈርሙ።

• «ልጁ ይምጣና እኔ ዘንድ ይብላ» የሚለውስ? ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው በልጁ ጥቅም ተመዝኖ የሚወሰን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከፋዩ ይህን ያነሣው ለልጁ አስቦ ነው ወይስ መክፈሉን ለማስቀረት? እስከ ትናንት ልጁን ጠይቆት ያውቃል?

• ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ ምን ይበላል? የፍቺ ክስ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ መስጠት ይችላል። ካልጠየቁ ማንም አያስታውስዎትም፤ የመጀመሪያው አቤቱታዎ ውስጥ ያስጽፉት።

ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ

• ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ? የብሩ መጠን ብቻ አይበቃም። ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? በየወሩ በስንተኛው ቀን? በየትኛው ሒሳብ? ከሁለት ልጆች አንዱ ሲያድግ የሌላው ስንት ይቀራል? «ለልጆቹ 2,000 ብር» የሚል ውሳኔ ኋላ ጭቅጭቅ ይወልዳል፤ ለእያንዳንዱ ተለይቶ ይጻፍ።

• በእጅ አይቀበሉ። በባንክ ወይም በቴሌብር ይላክ፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ የሩቅ መንገድ ሰበብ አይሆንም። ሲም ካርዱ በራስዎ ስም መመዝገቡን ግን ያረጋግጡ፤ በወንድምዎ ስም ከሆነ ማስረጃውም የእሱ ነው። በባንክ ወይም በቴሌብር መላኩ ለከፋዩም ጥበቃ ነው፤ በእጅ የሰጠውን ማንም አይመሰክርለትም።

• በእህል ከተስማሙ፣ ምን ዓይነት እህል? አንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ወፍጮ ቤት ሲገባ ሲሶው ያህል በቅርፊትና በብጣሪ ይሄዳል፤ የመፈልፈያውንም ይከፍላሉ። «አንድ ኩንታል ሩዝ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ የሚያመጣልዎ ያልተፈለፈለውን ነው። የተፈለፈለ መሆኑ፣ ኪሎው፣ የሚመጣበት ወርና ማመላለሻውን ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

• ብሩ ቢረክስስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ወዴት እንደሄደ ዘይት የሚገዛ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ በፊት የተቆረጠ ቀለብ ዛሬም ያው ከሆነ ልጁ እየተጎዳ ነው። የቀለብ ውሳኔ ሁኔታው ሲለወጥ በማንኛውም ጊዜ እንዲሻሻል ይጠየቃል፤ አዲስ ክስ እንደሚሆንብዎ አድርገው የሚያስፈራሩዎትን አይስሙ። የድሮውን የወጪ ዝርዝርና የዛሬውን ጎን ለጎን አድርገው ይዘው ይሂዱ።

• ውዝፍ አያጠራቅሙ። «ልጄ ሲያድግ በአንድ ጊዜ እጠይቀዋለሁ» ማለት ከባድ ስሕተት ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈውን ቀለብ፣ ለተቀባዩ ኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልታየ በቀር፣ እንደ ቀረ ይቆጥረዋል። ሁለት ወር ካለፈ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ወይም የአፈጻጸም መዝገብ ያስከፍቱ። እያለው ሆን ብሎ ቤተሰቡን የሚያስርብ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይጠየቃል።

• «18 ሞላው፣ አበቃ» ቢሉዎት፦ የቀለብ ግዴታ የሚመዘነው በችግርና በአቅም ነው። ልጁ ገና ተማሪ ከሆነ፣ ወይም ሠርቶ ማደር የማይችል ሕመምተኛ ከሆነ፣ ዕድሜው ብቻውን በሩን አይዘጋውም።

ቀለቡ በሌሎች ቅጾች ላይ

• የተወሰነውን ይጻፉ ወይስ የደረሰዎትን? ውሳኔው 1,500 ብር ሆኖ በዓመቱ የደረሰዎ የሦስት ወር ብቻ ከሆነ፣ ገቢዎ 4,500 ብር ነው፤ 18,000 አይደለም። ሁለቱንም በግልጽ ያስጽፉ፤ «ተወስኖልኛል፣ የደረሰኝ ግን ይህ ነው» ይበሉ።

• ሴፍትኔት ላይ በማን ካርድ ነው ያሉት? ከተለያዩ በኋላ የእርስዎና የልጆቹ ስም ከቀድሞ ባልዎ ካርድ ላይ ካልተነሣ፣ የልጆቹ ድርሻ እሱ ዘንድ ይቀራል። ፍቺው እንደጸና የውሳኔውን ግልባጭ ይዘው ቀበሌ ይሂዱ፤ ራስዎን የቻሉ እማወራ ሆነው ይመዝገቡ። መልማዮቹ ዝርዝሩን ካጸኑት በኋላ ማስተካከል ይከብዳል።

• ጤና መድኑስ? ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን ፎገራ ናት፤ ስለዚህ አሠራሩ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። ባልየው ካላሳደሰው የልጁ ካርድ የሕክምናው ቀን አይሠራም። መክፈል የማይችሉ ከሆነ በነጻ የሚታከሙት የሚመለመሉት መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሕፃኑን አዝለው ጤና ጣቢያ በር ላይ ከመቆምዎ በፊት።

• ግብር ይከፈልበታል? አይከፈልም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የቀለብና የልጅ ማሳደጊያ ክፍያ ከግብር ነፃ ነው።

ከፋዩ እርስዎ ከሆኑ

• አቅምዎን ራስዎ ቀድመው በማስረጃ ያቅርቡ። ሌሎች ልጆች ካሉዎት፣ እናትዎን የሚጦሩ ከሆነ ይናገሩ። ሥራ ካጡ ዝም ብለው አያቋርጡ፤ የሚጠራቀመው ዕዳ ነው። በዚያው ወር ቀለቡ እንዲሻሻል ያመልክቱ።

ማንም የማይነግርዎ ወጪ

• አዲስ ዘመን ስንት ጊዜ ይመላለሳሉ? ራፖር ጸሐፊ፣ ፎቶ ኮፒ፣ መጥሪያ ማድረሻ፣ ትራንስፖርት፣ የቀረ የሥራ ቀን። ራፖር ጸሐፊውን ለአንዱ ገጽ ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድመው ይጠይቁ። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ካልቻሉ የቀበሌ ማስረጃ አያይዘው በደሃ ደንብ ለመክሰስ ያመልክቱ። «ጉዳዩን እጨርስልሻለሁ» የሚል ደላላ ከቀለቡ ድርሻ ከጠየቀዎት ከእሱ ይራቁ።

• ነጻ ምክር ጠይቀዋል? የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና የፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ዘመን ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ባሕር ዳር ላይ ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ሲሄዱ የወጪውን ዝርዝር፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ የደረሰኞቹን ኮፒና የከፋዩን ሙሉ ስምና አድራሻ ይያዙ። ሲመለሱ የእያንዳንዱን ወረቀት ማኅተም ያለበት ግልባጭ ተቀብለው ይውጡ፤ አንዱን ቤትዎ፣ ሌላውን ከሚያምኑት ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ።